«36 ዓመቴ ነው፤ ፓይለት ለመሆን አልረፈደብኝም?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ

ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኡበር እነዳለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ያደግሁት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይሉ አጠገብ ነው። ክፍል ውስጥ አውሮፕላን ሲያልፍ በመስኮት እያንጋጠጥኩ ስንት ጊዜ ተገርፌያለሁ። አሁን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሰው ወደ ሬገን ወይ ወደ ደለስ ኤርፖርት አደርሳለሁ። ሻንጣቸውን አውርጄ ስመለስ ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ከዜሮ ጀምሮ አስተማሪ እስክትሆን 98 ሺህ ዶላር ነው፣ ብድሩን እኛው እንጨርስልሃለን፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ከፈረምክ ዋጋው አይጨምርብህም አሉኝ። ባለቤቴ አልተስማማችም። ከቢሾፍቱው አደጋ ወዲህ አውሮፕላን የሚባል ነገር ያስፈራታል። ብድሩም ያስፈራታል። እኔንም የሚያሰጋኝ አለ። ዕድሜዬ 36 ነው። መነጽር አደርጋለሁ። እናቴ ስታርፍ ለስምንት ወር የድብርት መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል። እንግሊዝኛዬም አክሰንት አለው። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

የደብረ ዘይቱ ልጅ

መልስ

ወንድሜ፣

አትፈርም። ይቅርብህ ማለቴ ግን አይደለም። መብረር ሌላ፣ ያን ወረቀት መፈረም ሌላ። ትምህርት ቤቱ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ስላቀረበልህ ነው ነገሩ የከበደህ።

እኔም ወደዚህ ነገር የገባሁት በ34 ዓመቴ፣ ልጅ አቅፌ ነው። ላይሰንስ ካወጣሁ ቆየሁ፤ ቅዳሜና እሑድ አስተምራለሁም። እንዳንተ ያለ ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ግን እንዲህ ያለ ሰው በብድር ሲታነቅም አይቻለሁ። ስለዚህ ደብዳቤህን ሳነብ ደስታውም ስጋቱም እኩል መጣብኝ።

ከብሩ እንጀምር። በረራ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ኮክፒቱ ውስጥ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ሆብስ ይባላል። ከታክሲ ቆጣሪ ብዙ አይለይም። ስትወርድ የቆጠረውን ትከፍላለህ። አስተማሪውም በሰዓት ነው የሚከፈለው። እንዲህ ከሆነ ገና መሪ ሳትነካ የአራት ዓመት ሒሳብ ዛሬ የምትዘጋው ለምንድን ነው? ለትምህርት ቤቱ ይመቸዋል። ላንተ የሚጨምርልህ ነገር የለም።

ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። እኔ ስጀምር አንድ ትምህርት ቤት «12 ሺህ ቀድመህ ከከፈልክ ቅናሽ አለህ» አለኝ። ከፈልኩ። በሦስተኛው ወር ከሁለቱ አውሮፕላኖቻቸው አንዱ ለጥገና ቆመ። ሌላው ለአርባ ተማሪ አልበቃ አለ። አምስት ወር ጠበቅሁ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ተዘጋና የተመለሰልኝ ከግማሽ በታች ነበር። የጠፋው ብር ብቻ አይደለም። በአምስት ወር ውስጥ እጄም ረሳው፤ የተማርኩትን እንደገና ተማርኩ። የባሰም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኔቫዳ ላይ በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ የነበረው አንድ ትልቅ የሄሊኮፕተር ማሰልጠኛ ድንገት በሩን ዘጋ። ተማሪዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተበድረው ነበር። ላይሰንሱን ሳያገኙ ዕዳው እጃቸው ላይ ቀረ።

አሁን ያንተን ብድር እንየው። ወለዱ ስንት እንደሆነ በደብዳቤህ አልጻፍክም። 12 ከመቶ ነው እንበልና በ10 ዓመት ይከፈል። 98 ሺህ ዶላር በወር ወደ 1,400 ይመጣል። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ የከፈልከው 168 ሺህ ግድም ይሆናል። ሌላም ጠይቃቸው፤ ያ 98 ሺህ የተሰላው በስንት ሰዓት ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰላው ሕጉ በሚጠይቀው ዝቅተኛ ሰዓት ነው። በዝቅተኛው ሰዓት የሚጨርስ ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። ትርፉን ሰዓት ከኪስህ ነው የምትጨምረው።

«ከዜሮ እስከ አስተማሪ» የሚሉት አንድ ትምህርት አይደለም። አራት ነው። መጀመሪያ የግል ፓይለት ላይሰንስ። ቀጥሎ በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ኢንስትሩመንት። ከዚያ ተከፍሎህ እንድትበር የሚፈቅደው ኮሜርሻል። መጨረሻ ላይ የአስተማሪነቱ። እያንዳንዱ የራሱ ፈተና አለው። እያንዳንዱ ላይ ቆም ብለህ ማሰብ ትችላለህ። የግል ላይሰንስ ይዞ ዕድሜ ልኩን ደስ ብሎት የሚበር ሰው ሞልቷል። አንተ አሁን ማሰብ ያለብህ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ፓርት 141 በሚባለው ሥርዓት የሚያስተምሩት 35 ይላሉ። አብዛኛው ሰው የሚጨርሰው ግን ከ60 እስከ 75 ሰዓት ባለው ነው። ስለዚህ በ65 አስላ። እዚህ አካባቢ ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን በሰዓት 180 ዶላር ግድም ብትከራያት 11,700 ይሆናል። አስተማሪ በሰዓት 75፣ ለ50 ሰዓት 3,750። የፈታኙ ክፍያ፣ የጽሑፍ ፈተናው፣ ሕክምናው፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ መሬት ላይ የምትማርበት ሰዓት ይጨመርበት። በጠቅላላ ወደ 18 ሺህ ዶላር ነው። ትንሽ አይደለም፤ ከ98 ሺህ ጋር ግን አይወዳደርም። ደግሞ እየሠራህ፣ እየበረርክ፣ ቀስ በቀስ የሚከፈል ነው።

የበረራ ክለብም ጠይቅ። አባላቱ አውሮፕላኑን በጋራ ይይዙታል፤ ወርሃዊ መዋጮ አለው። የሰዓቱ ኪራይ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ይረክሳል። እኔ የጨረስኩት በክለብ ነው።

ዕድሜህን በተመለከተ፤ ለግል ላይሰንስ ዝቅተኛው ዕድሜ 17 ነው። ከፍተኛ ወሰን የለውም። በአየር መንገድ ፓይለትነት ደግሞ እዚህ አገር እስከ 65 ዓመት ይሠራል። አንተ 29 ዓመት አለህ። የሚያሳስበው ዕድሜው ሳይሆን መሐል ላይ ያለው መንገድ ነው። የትምህርት ቤቱ ሰው ስለዚህ አልነገረህም ብዬ እገምታለሁ። ኮሜርሻል ለማውጣት በአጠቃላይ 250 ሰዓት ያስፈልጋል። አየር መንገድ ለመግባት ግን 1,500። በመካከል ያለውን 1,250 ሰዓት ከየት ታመጣዋለህ? አብዛኛው ሰው የሚያመጣው ሌላውን እያስተማረ ነው። ለዚህ ነው «እስከ አስተማሪ» የሚሉህ። የአስተማሪ ገቢ ደግሞ እንደ አየሩ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቢዘንብ ተማሪ አይበርም፣ አንተም አይከፈልህም።

ይህ የ1,500 ሰዓት ሕግ የመጣው ከአንድ አደጋ በኋላ ነው። በየካቲት 2009 (እ.ኤ.አ.) ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ኮንግረስ ድረስ ሄደው ታገሉ። ሕጉ ወጣ። የዚያ በረራ ሁለቱም ፓይለቶች ግን ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። እኔ ሰዓት መቁጠር ብቻውን ፓይለት ያደርጋል ብዬ አላምንም። ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነው፤ በዕቅድህ ውስጥ አስገባው።

እንግዲህ ሥራህን ሳትለቅ ብትጀምር፣ የግሉን በአንድ ዓመት፣ ሌሎቹን በሁለት ዓመት ተኩል ብትይዝ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ብታስተምር 41 ወይም 42 ዓመትህ ላይ አየር መንገድ በር ላይ ትቆማለህ። ያኔ ይቀጥራሉ ወይ? ማንም ሊምልልህ አይችልም። ቅጥሩ ይወጣል ይወርዳል። ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ቆመ። በ2008 ቆመ። በ2020 ፓይለት ቤቱ ተቀመጠ። በ2022 ደግሞ ፓይለት ጠፋ ተባለ። ለዚህ ነው ዕዳ ይዘህ እዚያ በር ላይ እንዳትደርስ የምለምንህ። ዕዳ የሌለበት ሰው አንድ ሁለት ዓመት መጠበቅ ይችላል።

ወደ ጤናው ልሂድ። ከሁሉ በፊት መጨረስ ያለብህ ይሄ ነው። ከአስተማሪ ጋር ለመብረር የሕክምና ወረቀት አይጠየቅም፤ ብቻህን ለመብረር ግን ያስፈልጋል። የሚመረምሩህ የአሜሪካው አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ኤ ኤ፣ የፈቀደላቸው ሐኪሞች ናቸው። ኤ ኤም ኢ ይባላሉ። ደረጃው ሦስት ነው። ለግል ላይሰንስ ሦስተኛው ይበቃል። አንተ ሐሳብህ አየር መንገድ ከሆነ ግን ከወዲሁ አንደኛውን ተመርመር። ያኔ ከመነሻው ቁርጥህን ታውቃለህ። ዕድሜህ ከ35 ስላለፈ ለአንደኛው ደረጃ የልብ ምርመራም ያደርጉልሃል።

መነጽሩ አያሳስብህ። በመነጽር ታርሞ 20/20 ካየህ አንደኛ ደረጃም ታልፋለህ። ቀለም መለየትህንም ያዩታል፤ ታወር የሚባለው የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ መብራት ቀይና አረንጓዴ ነውና።

መድኃኒቱን በተመለከተ ጆሮህን ስጠኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን መደበቅ ልማድ ነው። «ማን ያውቃል፣ አልወሰድኩም በል» የሚልህ ወዳጅ አይጠፋም። አትስማው። ቅጹ የድብርትና የጭንቀት ታሪክ ኖሮህ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል። ሐሰት መጻፍ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ከዓመታት በኋላ ቢደረስበት ላይሰንሱም ሥራውም ይሄዳል። እናቱን ቀብሮ ያዘነና የታከመ ሰው ደግሞ የሚያፍርበት ነገር የለም። መታከምህ ጥሩ አደረግህ።

መድኃኒት መውሰድህ ብቻውን በሩን አይዘጋም። ኤፍ ኤ ኤ በቅርብ ዓመታት በዚህ ጉዳይ ከበፊቱ ላላ ብሏል፤ ካቆምክ አራት ዓመት ማለፉም ይረዳሃል። አካሄድህ ግን ይጠንቀቅ። ቀጥታ ቀጠሮ ይዘህ አትግባ። መጀመሪያ ከኤ ኤም ኢው ጋር ለምክር ብቻ ተነጋገር፤ ምርመራ አይሁን። ምርመራው አንዴ ከተጀመረ ውጤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ መሄዱ አይቀርም። ለምክር ስትሄድ ግን ምን ማስረጃ እንደሚጎድልህ ይነግርሃል። ያከመህን ሐኪም የድሮ መዝገብህን አስወጣ። መቼ ጀመርክ፣ ምን ያህል ወሰድክ፣ መቼ አቆምክ፣ ዛሬ እንዴት ነህ፤ ይህን የሚል ደብዳቤ አጽፈው። ጥቂት ወር ሊፈጅ ይችላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሳታውቅ 98 ሺህ ዶላር ብትፈርም ምን ይውጥሃል?

ግሪን ካርድ ስላለህ ሌላም አንድ ወረቀት አለ። ዜጋ ያልሆነ ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቲ ኤስ ኤ በሚባለው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማጣሪያ ያልፋል። አሻራ ትሰጣለህ፣ ትከፍላለህ፣ ትጠብቃለህ። ሕጋዊ ሰው አይፈራውም። ግን ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብለህ ማመልከት ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ሳይነግርህ ወደ ብድሩ ከሮጠ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ስለ እንግሊዝኛው፤ ሕጉ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍና መረዳት ይላል። አክሰንት አይከለክልም። አንተ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር የምታወራ ሰው ነህ። የሬዲዮው ቋንቋ ደግሞ የራሱ ነው። አጭር ነው፣ ቅደም ተከተል አለው። ማንን እንደምትጠራ፣ ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህ፣ ምን እንደምትፈልግ። አራቱን በዚህ ተራ ካልክ ጨረስክ። የሚከብደው መስማቱ ነው፤ በጣም ይፈጥናሉ። የታወር ሬዲዮ በኢንተርኔት በነፃ ይሰማል። ተሳፋሪ በማይኖርህ ሰዓት መኪናህ ውስጥ ክፈተው። በሁለት ወር ጆሮህ ይለምዳል። ካልገባህ ደግሞ «ድገምልኝ» በል። ያልገባውን «እሺ» ብሎ የሚያልፍ ፓይለት ነው የሚያስፈራኝ። የእኛ ሰው ላለማፈር ሲል እሺ ማለት ይቀናዋል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም።

ሻንጣ አውርጄ ስመለስ ሆዴ ይባባል ያልከው ልቤን ነካኝ። ስለ ጆን ሮቢንሰን ሰምተህ ይሆናል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የመኪና መካኒክ ነበር። ቺካጎ ላይ የበረራ ትምህርት ቤት ሲያመለክት በቀለሙ ምክንያት አልተቀበሉትም። እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ። እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። በኋላ ተማሪ አድርገው ተቀበሉት። በ1935 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ሊወረን ሲል አገራችን መጥቶ በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር። በ1944 ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ተጎድቶ እዚያው አዲስ አበባ አረፈ። ይህ ሰው መጥረጊያ ይዞ የገባበትን በር አንተ በገዛ መኪናህ ልትገባበት ትችላለህ።

ደግሞ ኡበር መንዳትህ ይጠቅምሃል፤ የምሬን ነው። ቢሮ የሚሠራ ሰው የሚበረው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ አውሮፕላኑም አስተማሪውም ተይዟል። አንተ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መምጣት ትችላለህ። አየሩ ያኔ ይረጋጋል፣ አስተማሪው አልደከመውም፣ ሩንዌዩም ባዶ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ ብረር። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣ ተማሪ ሁልጊዜ ያለፈውን ሲከልስ ነው ገንዘቡ የሚያልቅ። ስለዚህ መጀመሪያ 12 ሺህ ዶላር ያህል አጠራቅም። ያን ሳትይዝ አትጀምር። መሐል ላይ ብር አልቆበት አራት ወር ያቋረጠ ሰው ቢያንስ አሥር ሰዓት ይከስራል።

እያጠራቀምክ ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። የጽሑፍ ፈተናውን አጥና። 60 ጥያቄ ነው፣ 70 ከመቶ ያሳልፋል፣ ውጤቱ ለ24 ወር ያገለግላል። ኤፍ ኤ ኤ የሚያወጣቸው መማሪያ መጻሕፍት በድረ ገጹ በነፃ ይገኛሉ። ስለ አየር መሳሳት የሚለውን ምዕራፍ ስታነብ ቦሌን አስብ። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ግድም ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ብዙ ይንደረደራል። እዚህ ማናሳስ ኤርፖርት ላይ በአጭር ርቀት የምትነሳው ሴስና፣ ቦሌ ላይ በቀትር ብትሆን ታምጣለች። እኔ ይህን የገባኝ መጽሐፉን ትቼ አገሬን ሳስብ ነው።

አካባቢያችንም የራሱ ጣጣ አለው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ በዋሽንግተን ዙሪያ በ30 ኖቲካል ማይል ውስጥ ልዩ የበረራ ሕግ ወጥቷል። ማናሳስና ሊስበርግ እዚያ ውስጥ ናቸው። በረራህን ሳታስመዘግብና የመለያ ኮድ ሳትቀበል ብትገባ ተዋጊ ጀት ሊከተልህ ይችላል። በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ኮርስ አለ። እዚህ የተማረ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሥርዓት ይለምዳል፤ እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው።

የመጀመሪያው በረራህን ልንገርህ። «ዲስከቨሪ ፍላይት» ይሉታል። 200 ዶላር ግድም ነው። አስተማሪው አውሮፕላኗን ዞሮ ያሳይሃል። ከክንፏ ሥር ነዳጅ በትንሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ ውኃ እንዳልገባበት ታያላችሁ። ዘይቱን ትለካላችሁ። ከዚያ የግራው ወንበር ያንተ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ወደ ሩንዌዩ ስትነዳ እጅህ መሪውን ይጠመዝዛል። አውሮፕላኗ ንቅንቅ አትልም። መሬት ላይ የምትመራው በእግር ነው! የነጂ እጅ ይህን ለመርሳት ሳምንታት ይወስድበታል። ሹፌር ተማሪዎቼ ሁሉ አንድ ናቸው። ማረፍ ስትማር ደግሞ ዓይንህ አፍንጫህ ሥር ያለውን አስፋልት ያያል። ራቅ አድርገህ የሩንዌዩን ጫፍ እይ ይሉሃል። አንድ ቀን ይገባሃል። ከዚያ በኋላ አይጠፋህም።

አንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ አሳርፈህ ስትጨርስ አስተማሪው «እዚህ ጋ አቁም» ይልሃል። በሩን ከፍቶ ይወርዳል። ብቻህን ትሄዳለህ። የእሱ ክብደት ስለቀረ አውሮፕላኗ ከለመድከው ፈጥና ትወጣለች። የቀኝ ወንበር ባዶ ነው። እኔ ያን ቀን ጮክ ብዬ ጸለይኩ። ሳርፍ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ ያንን የሚያህል ጠዋት ግን አላየሁም።

አስተማሪ ስትመርጥ አንድ ነገር ጠይቀው። «እዚህ ስንት ጊዜ ትቆያለህ?» በለው። ብዙዎቹ 1,500 ሰዓታቸውን እየሞሉ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ቢሄዱ አይፈረድባቸውም። ግን መሐል ላይ አስተማሪ መቀየር ያዘገያል። የበረራ ሰዓትህ የሚመዘገብበትን ሎግቡክህን ራስህ ጋ አስቀምጥ። ሰዓቱ ያንተ ነው። ትምህርት ቤት ብትቀይርም ይዘኸው ትሄዳለህ።

ባለቤትህን ለመጨረሻ ያቆየኋት ትንሽ ጉዳይ ስለሆነ አይደለም። መጋቢት 10 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) 157 ሰው ያለቀው ያደግህበት ከተማ አጠገብ ነው። የደብረ ዘይት ሰው ያን ቀን እንዴት እንደዋለ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። እሷ ስትፈራ የማታውቀውን አይደለም የምትፈራው። ስለዚህ «አውሮፕላን ከመኪና ይሻላል» ብለህ አትከራከራት። ለትልቁ አየር መንገድ እውነት ነው። ለትንሿ አውሮፕላን ግን እውነት አይደለም። በአሜሪካ በትናንሽ አውሮፕላኖች በየ100 ሺህ የበረራ ሰዓቱ ወደ አንድ የሚሆን ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ይደርሳል። ከመኪና ይልቅ ለሞተር ብስክሌት ይቀርባል። ይህን ከአንተ አፍ ትስማው። ከሌላ ሰው ከሰማችው ደብቀኸኝ ነበር ትላለች።

ከዚያ ደግሞ ቀሪውን ንገራት። ከእነዚህ አደጋዎች ብዙዎቹ የሚደርሱት በፓይለቱ ውሳኔ ነው። ደመና ውስጥ ሳይችል የገባ አለ። ነዳጅ ያለቀበት አለ። ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ ሲዞር ክንፉ አየር የከዳው አለ። ሦስቱም «ዛሬ አልሄድም» ወይም «ልመለስ» በማለት ይቀራሉ። ስለዚህ ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ደንብ ጻፉ። ነፋሱ ከዚህ ካለፈ አልበርም። ከዚህ ያነሰ ነዳጅ ይዤ አልነሳም። ላይሰንስ ካወጣሁ በኋላም ይህን ያህል ሰዓት ሳልሞላ ልጆቹን አላሳፍርም። እኔና ባለቤቴ እንዲህ ያለ ወረቀት አለን። ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አንድ ቅዳሜ እንግዳ ጋብዘን ላሳፍራቸው ቃል ገብቼ ነበር። ነፋሱ ከጻፍነው ወሰን አለፈ። እሷ ወደ ወረቀቱ አየች፣ እኔም አየሁ፤ ቤት ቡና ጠጣን።

የሕይወት ኢንሹራንስህንም አንብብ። አንዳንዱ ትንሽ አውሮፕላን እያበረሩ ለሚደርስ አደጋ አይከፍልም። ከመጀመርህ በፊት ደውለህ ጠይቅ፤ ካልሸፈነ የሚሸፍን ፈልግ። ብድሩንም ቢሆን እሷ ሳታምንበት እንዳትነካ። ባልና ሚስት ናችሁ፤ ዕዳው ሲመጣ የሁለታችሁንም በር ነው የሚያንኳኳው።

በዚህ ሳምንት የምታደርገውን ልንገርህ። ለትምህርት ቤቱ ደውለህ በወሩ መጨረሻ አልፈርምም በላቸው። ከዚያ ለኤ ኤም ኢው ደውል፤ ለምክር ነው የምፈልግህ በል። ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አትግባ። ባለቤትህንና ልጆቹን ይዘህ ወደ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ሂድ። አውሮፕላንን ከፈለሰፉት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ራይት በ1909 (እ.ኤ.አ.) የጦር መኮንኖችን መብረር ያስተማረበት ሜዳ ነው፤ እስከ ዛሬ ይበረርበታል። አጠገቡ ሙዚየም አለ፤ ሩንዌዩ በመስታወቱ ይታያል። ስለ ላይሰንስ አታንሳባት። ልጆቹ ያንጋጥጡ። እሷም ትይ። የምትጠይቅህ ነገር ካለ ያን ጊዜ መልስላት።

ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ መፍራቷ ልክ ነው ብሏል በላት።